ጥያቄ አለ?

መጽሐፉን በግማሽ ዋጋ ከአንድ የቤርሼባ ተማሪ ገዛሁት፤
ኪርያት ጋት ጣቢያ፣ ባቡሩ ሳይዘጋ፣ በበሩ ሲያቀብለኝ ያዝሁት።
ገጹን ሁሉ፣ መስመር ሳይመርጥ፣ ቢጫ ቀለም ያለበሰው
እስከ መቶ አሥራ ሁለት፤ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ነው፣ እጅም ዓይንም ያልደረሰው።
እዚህ ጋ ምን ገጠመው? ትዳር ነው ወይስ ዘመቻ?
ወይስ ምንም፤ ሰው መች ያቆማል በምክንያት ብቻ?

እኔ ከመቶ አሥራ ሦስት በእርሳስ ቀጠልሁ።

የምሠራው አረጋውያን ቤት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሌሊት ተራ፤
ግራ ጆሮዬ ለደወላቸው፣ ቀኙ ለመምህሩ ነው የሚሠራ።
ሃያ ስድስት ንግግር ነው፣ ድሮ የተቀዳ።
ጠመኔው ሲሰበር ይሰማል፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስነጥስ ከጓዳ።
ከግሪክ ይነሣል፣ ሮምን ያዳርሳል፤
ሐውልት፣ ሕግ፣ ቲያትር ሲል ቆይቶ ሳንቲም ይንቃጨላል፤
መነጽሩ ጠፍቶት መሰለኝ፣ ኪሱን ይዳብሳል።

የኔ ዕብራይስጥ የወረፋ ነው፣ የክሊኒክ፣ የዳቦ መግዣ፤
የሱ ግን በር የበዛበት አዳራሽ፤ እጄ ይፈልጋል መያዣ።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣ «ጥያቄ አለ?» ይላል።
ዝም።
አራት ሰከንድ። ቆጥሬዋለሁ።
«የለም? እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ» ብሎ ይሄዳል።

አሥራ አንደኛው ላይ ነው ነገሩ የጀመረኝ።
«ያልተጻፈ አይቆይም፣ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል» ሲለኝ።

አባቴ ባየህ ፊደል አይለይም፤ ግን ወገራ ላይ ጋብቻ ሲታሰብ
እሱ ነበር የሚጠራው፣ ሰባት ቤት ሊቆጥር፣ ሥጋ ከሥጋ እንዳይሳሳብ።
እስከ ምንዥላት፣ ከዚያም ወዲያ፣ በስም ይወርዳል ትንፋሽ ሳያጥረው።
እዚህ ሲደርስ ቅጽ ሰጡት፤
አስፈረሙት፣ አውራ ጣቱን በቀለም ነክረው።

ለቢሮው ደወልሁ። ጥያቄ አለኝ፣ መምህሩን አገናኙኝ አልሁ።
ልጅቷ ስሜን ጠየቀች፤ ውድነሽ ባየህ አልሁ።
ከዚያ ዝም አለች። «ካረፉ ስምንት ዓመት ሆናቸው።
ሌላ ሰው ላገናኝሽ?»
ምን ይባላል? ነፍስ ይማር ብዬ ዘጋሁ።

ስምንት ዓመት! ትናንት እኮ ትን ብሎት ውሃ ጠጣ፣ ሰምቻለሁ፤
በሚቀጥለው ሳምንት ብሎኛል፤ ቀጠሮ አለን፣ እሺ ብያለሁ።
ያልተጻፈ ይቀበራል ያለው ሰው
እሱው ራሱ፣ በድምፁ ብቻ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሲመላለስ።

ያን ሌሊት ቅጂውን መለስሁት። «ጥያቄ አለ?» ሲል ተነሣሁ።
«ክቡር መምህር፣ አባቴ...» ስል፣
«የለም? እንግዲያው» አለ፤ ተረታሁ።
አራት ሰከንድ ለኛ ወግ ምኑ ነው? ሰላምታ ብቻ ይጨርሰው፤
አባቴማ ጠዋት የጀመረው ጥያቄ ማታ ነበር የሚደርሰው።

ስለዚህ ቆረጥሁት። ሰላምታውን ጣልሁ፣ ክቡር የሚለውን ጣልሁ፤
በዕብራይስጥ ሞከርሁ፣ ረዘመ፤ በአማርኛ ሞከርሁ፣ አለቀስሁ።
ወገራን ጣልሁ። የጣቱን ቀለም ጣልሁ።
ጥያቄው እያጠረ ሲሄድ ከኔ በቀር የሚገባው ይኖር ይሆን ብዬ ፈራሁ።

በዘጠነኛው ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል፣ ፎጣ እያጠፍሁ በኮሪደሩ፣
«ጥያቄ አለ?» አለ መምህሩ።
«መጽሐፉ ሰው ቢሆንስ?»
ገባ። ልክ ገባ። ትንፋሽ እንኳ ተረፈ።

ከሦስት መቶ ስምንት ቁጥር፣ ከጨለማው፣ አልጋ ሲጥጥ አለ፤
ወይዘሮ ብላንካ ናት፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
ሩማንያ ላይ ላቲን ታስተምር ነበር፤
ዛሬ ስሜን አትይዝም፣ ቀኑን አትይዝም፣ እራት መብላቷንም።
«ጮክ በይ፣ ልጄ» አለች፣
«ከኋላ ያለነው አልሰማንም።»